የመንገድ ጥያቄዎች፦ በአርቪ በቀን ስንት ማይል ይነዳል?

ሰመር ሊገባ ሲል የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ይወድቃሉ። በቀን ስንት ማይል እንንዳ? ዕድሜዬን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ከእኔ ትልቅ ቁጥር የምትጠብቁ አላችሁ። አዝናለሁ፣ አታገኙም። ጡረታ ወጥቼ ከባለቤቴና ከልጅ ልጆቼ ጋር በአርቪ ስዞር በሥራ ዘመኔ በቀን እነዳው የነበረውን ግማሽ እንኳን አልነዳም።

አርቪ ስል መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለውን ተሽከርካሪ ማለቴ ነው። በራሱ ሞተር የሚሄደውም ሆነ በፒክአፕ የሚጎተተው ያው ነው። ሰዓቱን ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ካምፕግራውንዱም ጂፒኤሱም የሚያወራችሁ በእሱ ስለሆነ እንዳንምታታ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጁላይ ከዴንቨር ተነስተን የሎውስቶን ልንሄድ ነው። 28 ጫማ ርዝመት ያለው ክላስ ሲ የሚባለውን፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ አርቪ ተከራይተናል። ሦስት ልጆች አሉን፣ ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 12። ያለን ጊዜ 12 ቀን ነው። መኪናውን በተረከብንበት ቀን ራፒድ ሲቲ ገብተን ለማደር አስበናል፤ ወደ 390 ማይል ነው፣ ጂፒኤሱ 6 ሰዓት ይላል። በማግስቱ በኮዲ አድርገን የሎውስቶን ውስጥ ፊሺንግ ብሪጅ እንገባለን፤ ወደ 470 ማይል፣ 8 ሰዓት ተኩል። ባለቤቴ "በሴዳን 12 ሰዓት ነድቼ አውቃለሁ፣ ይሄ ምን አላት" ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ባለቤትሽ ስለ ሴዳኑ እውነቱን ነው። ችግሩ አሁን የሚነዳው ሴዳን አለመሆኑ ነው።

ጂፒኤሱ የሚያሰላው ለትንሽ መኪና ነው። ከኋላ የሚንኳኳ ድስት፣ ከጎን የሚገፋ ንፋስ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ መታጠፊያ ፍለጋ፣ እነዚህን አያውቅም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጂፒኤሱ ያለውን ሰዓት እወስድና ሩቡን እጨምርበታለሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ንዳት ግማሽ ሰዓት ማረፊያ እጨምራለሁ። በቃ። የእናንተን እንሞክረው። የመጀመሪያው ቀን 6 ሰዓት ነበር፤ 7 ተኩል ይሆናል፣ ከማረፊያው ጋር 9 ሰዓት። ሁለተኛው ቀን 8 ተኩል ነበር፤ ከ10 ተኩል በላይ ይሆንና ከማረፊያው ጋር 13 ሰዓት ይሞላል። ጠዋት በ8፡00 ብትነሱ ማታ በ9፡00 ትደርሳላችሁ ማለት ነው። ያውም ልጆቹ ሳይጣሉ፣ ማንም የረሳው ነገር ሳይኖር።

ሩቡ ከየት መጣ ትይኛለሽ። አርቪ በ75 ማይል ፍጥነት የሚነዱ አሉ፣ አይቻቸዋለሁ፣ አትከተሏቸው። 60 እና 65 መካከል መቆየት ይበቃል። ተጎታች ለሆኑት ደግሞ ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። ብዙዎቹ የትሬለር ጎማዎች ሌላ ካልተጻፈባቸው በስተቀር የተሠሩት እስከ 65 ማይል ለሚደርስ ፍጥነት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የሚጎትት ሁሉ ከ55 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ጂፒኤሱ ይሄን አይነግርሽም፤ በ70 እየነዳሽ እንደሆነ አድርጎ ያሰላል።

ነዳጁም ጊዜ ይበላል። እንደ እናንተ ያለው ክላስ ሲ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ቢሄድ ነው። ማደያ ስትገቡ ጣሪያው ዝቅ ያለ እንዳይሆን ታያላችሁ፣ ስትወጡ ጅራቱ ምሰሶውን እንዳይገጭ ታያላችሁ፣ በመሀል አምስት ሰው ወርዶ አምስት ሰው እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሩብ ሰዓት ቀድቶ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ዋዮሚንግ ውስጥ ደግሞ ማደያዎቹ የተራራቁ ናቸው። ጋኑ ግማሽ ሲደርስ ሙሉት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የአርቪ ሰዎች "ሦስት-ሦስት-ሦስት" የሚሉት ልማድ አላቸው። በቀን ከ300 ማይል አትለፍ፣ ከሰዓት በኋላ በ3፡00 ግባ፣ ባረፍክበት 3 ሌሊት እደር። ሕግ አይደለም፣ ማንም አይቀጣሽም። የመጨረሻውን ሦስት 12 ቀን ብቻ ያለው ሰው ሁልጊዜ ሊያከብረው አይችልም፣ እኔም አላከብረውም። የመጀመሪያውም እንደ መንገዱ ነው። ሜዳ ላይ 300 ቀላል ነው፣ ተራራ ላይ 180 ያደክማል። የመሀሉን ግን አልነካውም። በ3፡00 መግባት። ቢበዛ በ4፡00።

ለምን መሰለሽ? ካምፕግራውንድ መድረስ ቤት መድረስ አይደለም፣ ገና ሥራ ነው። ቢሮ ገብተሽ ትመዘገቢያለሽ። ቦታሽን ፈልገሽ ወደ ኋላ ታስገቢያለሽ። አንድ ሰው ወርዶ ከኋላ ቆሞ እየመራሽ ማለት ነው፤ ከላይ ቅርንጫፍ፣ ከታች ድንጋይ፣ ከጎን የሰው ጠረጴዛ አለ። ከዚያ መኪናው እንዲስተካከል ታደርጊያለሽ። ካልተስተካከለ ፍሪጁም በደንብ ላይሠራ ይችላል፣ እናንተም ሌሊቱን እየተንሸራተታችሁ ታድራላችሁ። ውሃውን፣ መብራቱንና ፍሳሹን ታገናኛላችሁ። ለለመደ ሰው 20 ደቂቃ ነው። ለእናንተ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ሰዓት ቁጠሩለት። ይሄን ሁሉ በብርሃን ስትሠሩት ጨዋታ ነው፣ ልጆቹም ይረዳሉ። በባትሪ ብርሃን፣ በዝናብ፣ ልጅ "ራበኝ" እያለ ስትሠሩት የፍቺ ምክንያት ነው። የባልና ሚስት ጠብ በብዛት ያየሁት ፍርድ ቤት አይደለም፣ ካምፕግራውንድ ውስጥ አርቪ ወደ ኋላ ሲገባ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ከጠዋት ጀምራችሁ አታቅዱት። ከ3፡00 ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በ9፡30 መንቀሳቀስ ከቻላችሁ እስከ 3፡00 ያለው 5 ሰዓት ተኩል ነው። ማረፊያውን ስትቀንሱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ንዳት ይቀራል። አማካዩን 55 ማይል አድርጉት። 230 ማይል አካባቢ ሆነ። የእናንተ ቀን ይሄ ነው። "በ8፡00 እንነሳለን" ካልሽኝ በስልክ ደውዬ አረጋግጣለሁ። ሦስት ልጅ ቁርስ በልቶ፣ ቱቦ ተፈትቶ፣ ቁምሳጥን ተዘግቶ በ8፡00 የተነሳ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም።

ወደ ካርታው እንግባ። የተረከባችሁበት ቀን የጉዞ ቀን አይደለም። አከራዮቹ ብዙውን ጊዜ የሚያስረክቡት ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። ጄኔሬተሩ እንዴት እንደሚነሳ፣ ቆሻሻው ታንክ እንዴት እንደሚፈስ ያሳዩዋችኋል። ከዚያ ዕቃ መጫን አለ። ስለዚህ ሼየን እደሩ። ከዴንቨር በአይ-25 100 ማይል ቢሆን ነው። ቅርብ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚፈስ ቧንቧ ወይም የማይበራ ምድጃ ካገኛችሁ አከራዩ ገና ጎረቤታችሁ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሼየን ወደ ብላክ ሂልስ 250 ማይል ገደማ ነው፣ በጉዟችሁ ረጅሙ ቀን። ግን ሜዳ ነው። እዚያ ሦስት ሌሊት እደሩ። ማውንት ራሽሞር አለ፣ ከስተር ስቴት ፓርክ አለ፣ ባድላንድስም ከራፒድ ሲቲ በአይ-90 75 ማይል አካባቢ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከስተር ስቴት ፓርክ ውስጥ ኒድልስ ሃይዌይ የሚባል መንገድ አለ፣ ሰው ሁሉ ያደንቅላችኋል። ዋሻዎቹ አርቪ አያሳልፉም። እንዳትሞክሩ።

ከዚያ በአይ-90 ወደ ምዕራብ ቡፋሎ 210 ማይል ነው። ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ዴቪልስ ታወርን ማየት ትችላላችሁ። በ1906 የተከለለ የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ሐውልት ነው። የ8 ዓመት ልጅ ካላችሁ ይሄን አልፋችሁ ብትሄዱ ይቅርታ አያደርግላችሁም። ግን ወጥታችሁ ስትመለሱ ከ50 ማይል በላይ ይጨምራል፣ ስለዚህ በዚያ ቀን በማለዳ ተነሱ።

ከቡፋሎ ኮዲ 180 ማይል ነው። በወረቀት ላይ ቀላሉ ቀን ይመስላል። አይደለም። መሀል ላይ የቢግሆርን ተራሮች አሉ። የምትሄዱበት ዩኤስ-16 ፓውደር ሪቨር ፓስ ላይ 9,666 ጫማ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። እዚያ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ጉልበት ጠፍቷል። ቀኝ መስመር ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ውጡ። ከኋላ የሚያፏጭ ካለ ያፏጭ፤ ሰፊ ቦታ ስታገኙ አሳልፉት። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ። ፍሬኑ ሲግል አይዝም። ገና ከላይ ሳላችሁ ማርሹን ዝቅ አድርጉ፣ ሞተሩ ይያዛችሁ። ጂፒኤሱ ምናልባት በዩኤስ-14ኤ ሊልካችሁ ይችላል። ቁልቁለቱ 10 በመቶ የሚደርስ መንገድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አርቪ ለያዘ ሰው አልመክርም።

ከኮዲ እስከ ፓርኩ ምሥራቅ በር 52 ማይል፣ ከበሩ እስከ ፊሺንግ ብሪጅ 27 ማይል ነው። ድምር ሰማንያ እንኳን አይሞላም። ይሄን ቀን እንዳታሳጥሩት ወይም ከሌላ ቀን ጋር እንዳታጣምሩት። ፓርኩ ውስጥ ፍጥነቱ ቢበዛ 45 ማይል ነው። ጎሽ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ዜሮ ነው። ጎሽ አይቸኩልም፣ ጥሩምባም አይሰማም። ፓርኩን የሚዞረው ትልቁ መንገድ 142 ማይል ነው። ሰዎች "በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን" ሲሉ ዝም እላለሁ። ግማሹን በአንድ ቀን፣ ግማሹን በሌላ ቀን አድርጉት። ለፊሺንግ ብሪጅ ቦታ ገና ካልያዛችሁ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ያዢ። ፓርኩ ውስጥ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ የተሟላለት የአርቪ ቦታ እሱ ብቻ ነው።

መመለሻውን ሦስት ቀን ስጡት። መጀመሪያ በደቡብ በር ወጥታችሁ በግራንድ ቲቶን በኩል ላንደር፣ 200 ማይል ገደማ። መሀሉ ላይ ሌላ ተራራ አለ፣ ቶግዎቲ ፓስ፣ እሱም ከ9,600 ጫማ በላይ ነው። በማግስቱ ላራሚ። ከሮውሊንስ በኋላ አይ-80 ትገባላችሁ፣ እዚያ ጠላታችሁ ንፋስ ነው። ንፋሱ ሲበረታ የዋዮሚንግ መንገድ ባለሥልጣን ክብደታቸው ቀላል፣ ቁመታቸው ከፍ ያለ ተሽከርካሪዎችን ይከለክላል፤ አርቪ ሁለቱንም ነው። ጠዋት ንፋሱ ስለሚቀንስ በማለዳ ተነሱ። የሚያሰጋ ከሆነም አንድ ቀን ቁጭ በሉ። የመጨረሻው ቀን ከላራሚ ዴንቨር 130 ማይል ነው። አከራዮች ብዙውን ጊዜ መኪናቸውን ጠዋት ላይ፣ ታጥቦና ታንኩ ፈስሶ ይፈልጉታል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። 12 ሰዓት የነዳበትን ታሪክ ማታ እሳት ዳር ይንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሌሊት መንዳት ነው የሚመቸኝ። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሙቀት የለም። ልጆቹ ኋላ አልጋቸው ላይ ይተኛሉ፣ ሲነቁ ደርሰናል። ሚስቴ ግን አልተስማማችም። 600 ማይሉን በአንድ ሌሊት ብጨርሰው ሁለት ቀን እናተርፋለን። ይፍረዱን።

መልስ፦ ፈረድኩ። ለሚስትህ።

አልጋውን በመጀመሪያ እናንሳው፣ ለክርክር አይቀርብምና። መኪናው እየሄደ ማንም አልጋ ላይ አይተኛም። ልጅማ ጭራሽ። ሁሉም ወደ ፊት በሚያይ ወንበር ላይ ቀበቶ አስሮ ይቀመጣል። የልጅ መቀመጫ ወደ ጎን በሚያይ ሶፋ ላይ አይታሰርም፣ ጠረጴዛው ጋ ወደ ኋላ በሚያይ ወንበር ላይም አይታሰርም። ስንት ልጅ ይዛችሁ ስንት ትክክለኛ ወንበር እንዳለ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። አርቪ "ስድስት ያስተኛል" ሲባል ስድስት ሰው አስሮ ይወስዳል ማለት አይደለም።

ስለ ሌሊቱ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ሌሊቱን ከእኔ በላይ አታውቀውም። የሰው አካል ከሌሊቱ 2፡00 እስከ ጠዋቱ 6፡00 ድረስ እንቅልፍ ይፈልጋል። "እኔ የሌሊት ሰው ነኝ" ብትልም ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ያንገላጅጃል፣ ያኛው ግን ቀለል ያለ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር በሕግ በቀን 11 ሰዓት ብቻ ነው መንዳት የሚችለው። ያንንም ሥራ ከጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። 8 ሰዓት ከነዳ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያርፋል። ቀጥሎ ለመንዳት ከዚያ በፊት በተከታታይ 10 ሰዓት ከሥራ ውጪ መሆን አለበት። ይሄ ሁሉ ሥራዬ ብሎ ለሚነዳ፣ ብቻውን ለሆነ፣ ከኋላው "አባዬ ደረስን?" የሚል ለሌለው ሰው ነው። አንተ ቀኑን ስትሠራ ውለህ ማታ ልትነሳ ነው።

ደግሞስ ደርሰህ የት ትገባለህ? በብዙ ካምፕግራውንዶች ከምሽቱ 10፡00 እስከ ጠዋቱ 6፡00 የጸጥታ ሰዓት ነው። በናፍጣ ሞተርህ ሌሊት በ3፡00 ብትገባ ጎረቤቶችህ ጠዋት ሰላም አይሉህም። በ5፡00 ብትደርስ ደግሞ ቦታህ ላይ ትናንት የገባው ሰው እስከ 11፡00 ወይም 12፡00 ይተኛበታል። አንተ ሳትተኛ አድረህ፣ ልጆቹ ነቅተው፣ ማረፊያ የለህም። ሁለት ቀን አተረፍክ ያልከው እዚህ ላይ ያልቃል። አንዱን ቀን አንተ ትተኛለህ፣ ሌላውን ሚስትህ ታኮርፋለች።

የአንተን ስሜት ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። በባዶ መንገድ፣ በቅዝቃዜ መንዳት ደስ ይላል። እንግዲያው ማታ በጊዜ ተኛና ሲነጋጋ ተነሳ። ልጆቹን በፒጃማ አስረህ አስቀምጣቸው፣ እዚያው ይጨርሱት እንቅልፋቸውን። አጋዘን ጎህ ሲቀድና ሲመሽ መንገድ ስለሚያቋርጥ ፀሐይዋ ብቅ እስክትል ጠብቅ። ቁርስ መንገድ ላይ፣ 150 ማይል ከሄዳችሁ በኋላ። 600ውን ማይል ለሁለት ቀን ተኩል አካፍለው። ሚስትህ መንዳት ከቻለች ስሟ የኪራይ ውሉ ላይ ይግባ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ልጄ ደግሞ 7 ወሩ። ሁለቱንም ይዤ ልሄድ ነው። 300 ማይል ይበዛብናል?

መልስ፦ ይበዛባችኋል፣ እህቴ። 150፣ ቢበዛ 200 በሉ። ሕፃን መቀመጫው ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ ባይቆይ ይመረጣል። እናትሽም ብዙ ከተቀመጡ እግራቸው ያብጣል፣ የደም መርጋትም አለ። ሁለቱ በአንድ ሰዓት መቆም መፈለጋቸው ለአንቺ ጥሩ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ፣ ልጁ ይዘርጋ፣ እናትሽ ይራመዱ። አሥር ደቂቃ ሳይሆን ሙሉ ግማሽ ሰዓት። ሽንት ቤቱ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው ብለሽ እየሄዳችሁ እንዳይነሱ። ቆማችሁ ነው።

ለአንድ ሌሊት ብቻ የምታድሩበትን ቦታ ስትይዢ ፑል-ስሩ የሚሉትን ጠይቂ። በአንድ በኩል ገብተሽ በሌላው የምትወጪበት ነው፣ ወደ ኋላ መግባት የለም። ሕፃን እያለቀሰ ወደ ኋላ ማስገባት ማንም አይወደውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ሰመር ከግራንድ ካንየን ወደ ሞኑመንት ቫሊ ስንሄድ ስልኬ ላይ ሰዓቱ ወደ ፊት ዘለለ፣ ቆይቶ ተመለሰ፣ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ለትንሽ ደረስን። አሁንም በዚያው ልንሄድ ነው። እንዴት ላስላው?

መልስ፦ ስልክህ አልተበላሸም። አሪዞና በሰመር ሰዓቷን ወደ ፊት አትገፋም። በውስጧ ያለው የናቫሆ ብሔር ግዛት ግን ይገፋል። ስለዚህ ከግራንድ ካንየን ተነስተህ ናቫሆ ምድር ስትገባ አንድ ሰዓት ታጣለህ። ሞኑመንት ቫሊ ደግሞ ዩታና አሪዞና ድንበር ላይ ያለ የናቫሆ ምድር ነው። በሰመር የሁለቱም ወገን ሰዓት እኩል ነው፣ ከግራንድ ካንየኑ ግን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መልሱ ቀላል ነው። ስልኩን ተወውና የምታድርበትን ቦታ ሰዓት በወረቀት ጻፍ፣ ከእሱ ወደ ኋላ ቁጠር። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ረጅም መንገድ የምትሄዱ ሁሉ በየሰዓት ክልሉ አንድ አንድ ሰዓት እንደምታጡ አትርሱ። በዚያ ቀን 50 ማይል ቀንሱ። ስትመለሱ ትካሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከዋሽንግተን ወደ ኒው ዮርክ በአይ-95 ትሬለር እየጎተትን ልንሄድ ነው። 230 ማይል ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ይገባል ብዬ አስቤያለሁ። የሚያስቸግር ነገር አለ?

መልስ፦ ርቀቱ ልክ ነው። መንገዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ትሬለርህ ላይ የፕሮፔን ጋዝ ሲሊንደር አለ አይደል? ባልቲሞር ላይ አይ-95 በዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ አይ-895ም እንዲሁ። እነዚህ ዋሻዎች እንደ አርቪ ያለ ትልቅ የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘ አያስገቡም። ድሮ ብዙ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ እሱ በማርች 26፣ 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። አሁን ያለህ በአይ-695 በምዕራብ በኩል ከተማውን መዞር ነው። ማይሉ ብዙ አይጨምርም፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን ያቆምሃል። ባልቲሞርን ከጠዋቱ 10፡00 በኋላ እለፍ።

ኒው ዮርክ አካባቢ ደግሞ "ፓርክዌይ" የሚል ስም ያለው መንገድ ካየህ ሽሽ። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ የተሠሩትም ለትንንሽ መኪኖች ነው። ስልክህ ላይ ያለው ተራ ካርታ ግን ደስ ብሎት ይልክሃል። ለአርቪ የተሠራ ጂፒኤስ ግዛ ወይም ተዋስ፣ ቁመቱንና ርዝመቱን አስገባበት። ቁመቱን ራስህ ለካ። ከላይ ያለውን የኤሲ ሳጥን ጨምረህ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ መሪው ፊት ለጥፈው፣ ድልድይ ስር ደርሰህ ለማስታወስ አትታገል።

ርዝመትም እንዲሁ ቀን ይቀይራል። ሞንታና ውስጥ ግሌሸር ፓርክን የሚያቋርጠው ጎይንግ-ቱ-ዘ-ሰን ሮድ ከላይኛው ክፍሉ ላይ ከ21 ጫማ በላይ ርዝመት ያለውን ተሽከርካሪ አያሳልፍም። በካርታ ላይ 50 ማይል የሚመስለው ለአርቪ በዩኤስ-2 ዞሮ መሄድ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ፓርኩን የሚያውቁ አርቪውን ካምፕ ትተው በፓርኩ አውቶቡስ ነው የሚወጡት። እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ባለቤቴ መስኮት ዳር ትይዛለች።

የሚቀጥለው ጊዜ ስትጽፉልኝ የተሽከርካሪያችሁን ቁመትና ርዝመት፣ የሚጎተት ከሆነም ይሄንኑ፣ እንዲሁም ለመመለስ የተቆረጠ ቀን ካላችሁ ጨምራችሁ ላኩ። እነዚህን ሳላውቅ ካርታ ብዘረጋ ዋጋ የለውም።